ቀይ ባንዲራ ሥር የተቀጣጠርን ለት

በእኛ ጊዜ ውሃ ማለት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነበር፣ ሌላ ውሃ አናውቅም። ዝናብ ሲጥል ወንዝ ይሞላል፣ ሲያባራ ይጎድላል፣ አለቀ። እና እኔ እዚሁ ነቀምቴ ሽበት እስካወጣ ድረስ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ እየጠበሰ ውሃ ዝም ብሎ ተነሥቶ ወደ ሰው ይመጣል ብሎ የነገረኝ የለም። ቢነግሩኝም አላምን። ስልኩን ጠጋ አድርጊው ሲፈን፣ ድምፄ ድሮም አይሰማም። እየቀዳ ነው? እሺ።

እንግዲህ ሠርጋችን ሲያልቅ ጫጉላችንን ውቅያኖስ ዳር ነው የምናሳልፈው ብላችኋል። ደግ ነው። የእጮኛሽ የናኦል እናት ልጄን ውሃ ይበላብኛል ብላ ታለቅሳለች አሉኝ፣ እኔ አላለቅስም። ሂዱ። ባሕር ደስ ይላል፣ አሁን የሚወስደኝ ባገኝ ነገ እነሣለሁ። ግን ከመሄዳችሁ በፊት የዚያን ጊዜውን ነገር ከእኔ ስሙት፣ ምክንያቱም አያትሽ ሲያወራው ሌላ ነው የሚሆነው፣ እሱ ሲያወራው ዓሣ ነባሪ ሁሉ ይጨምርበታል። ይኸው ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ የተኛ ይመስላል፣ አልተኛም። ኢተፋ፣ ተኝተሃል? አያችሁ፣ ዝም አለ፣ ይሰማል ማለት ነው።

ታዲያ ነገሩ ኮሮና ከመግባቱ በፊት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የአረጋውያን ኅብረት አለን፣ ሽማግሌና አሮጊት ሆነን የምንዘምርበት። ኬንያ ውስጥ፣ ከሞምባሳ ወደ ላይ ከፍ ብላ ውቅያኖሱ ጥግ ካለች ከተማ፣ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ኑና ከእኛ ጋር ዘምሩ ብላ ጋበዘችን። እሰይ አልን። ወሬው ደግሞ ከእኛ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰው፣ የባሕር ውሃ ለቁርጥማት ፍቱን ነው ተባለ። ማን እንዳለው አላውቅም። እና ነቀምቴ ጉልበቱን የማያመው ሽማግሌ አለ እንዴ? ጎረቤቱ ሁሉ ባዶ ጄሪካን እያንጠለጠለ ደጄ ላይ ተሰለፈ። አዴ የሺ፣ ማሎ፣ እባክሽ ለእኔም ትንሽ፣ ለጉልበቴ ብቻ፣ ይላል አንዱ፤ ለእናቴ ወገብ ይላል ሌላው። እምቢ አይባል። እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፣ እዚህ ተወልጄ እዚህ ያረጀሁ፣ አዴ ብለው ሲያከብሩኝ ደግሞ ሆዴ አይችልም። ሞያሌ ስንደርስ ፈታሹ ቢጫ ጄሪካን በቢጫ ላይ ተደርድሮ ሲያይ፣ እናንተ መዘምራን ናችሁ ወይስ ነዳጅ ነጋዴ አለን።

አሁን ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ልንገራችሁ። ኢተፋና ታናሹ ገመቹ አርጆ ነው የተወለዱት፣ ዋና የተማሩት ደግሞ ቁልቁል ወርደው ዲዴሳ ላይ ነው። እናታቸው ገመቹ ገና ጡት ሳይጥል ሞተችና ኢተፋ ነው ያሳደገው። ትምህርት ቤት ሲሄድም፣ ገበያ ሲሄድም፣ ወንዝ ሲሻገርም ያንን ልጅ በጀርባው አዝሎ ነው። ገመቹ አድጎ፣ አግብቶ፣ ጉቴ ላይ ቤት ሠርቶ፣ ፀጉሩ ገባ ብሎ እንኳ ኢተፋ ሲገባ ከወንበሩ ይነሣል። ወንድምነታቸው እንዲህ ያለ ነው።

እና ደግሞ የዲዴሳን ልማድ ስሙ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚህ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ወንዶቹ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ጉልበተኛው በላይ በኩል ይቆማል፣ ደካማው መሀል ይገባል፣ እንደዚያ ሆነው ይሻገራሉ። ሰው ውሃ ወሰደው ከተባለም ያው ነው፣ ተያይዘው ይገባሉ፣ ጫፍ ላይ ያለው ይይዘዋል፣ የቀሩት ይስባሉ። ሲያድኑም በዓይኔ አይቻለሁ። የተጠራ ሰው እጁን አልሰጥም ካለ ደግሞ ወንድ አይባልም፣ እስኪሞት ይወራበታል።

ደረስን ታዲያ። የፓስተሩ ሚስት ማማ ግሬስ ትባላለች፣ እንደ እኔ ደልደል ያለች፣ ሥራ የማታስነካ ሴት። በማግሥቱ ጠዋት እኛ ሴቶቹ ማድ ቤት ገብተን ኮኮናት ስንፈቀፍቅላት፣ እንግሊዝኛ የሚያስተረጉምልን ወንጌላዊ አብሮን መጥቶ ስለነበር በሩ ላይ ቆሞ ያስተረጉማል። ባሕሩ ጋ ዛሬውኑ መሄድ እንፈልጋለን አልናት። እወስዳችኋለሁ፣ ግን ቆዩኝ፣ ሩዙን ላውርድ አለች። ከዚያ መፈቅፈቂያውን አስቀመጠችና ስለ ወንድሟ አወራችን። ባሕሩ ዳር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፣ አንድ ቀን ውሃው ወሰደው። ጓደኛው አየ፣ ሮጦ ገባ። ሁለቱም አልተመለሱም። አንድ እንቀብር ነበር፣ ሁለት ቀበርን አለች። ሰው ውሃ ሲወስደው ካያችሁ ማንም ተከትሎት አይግባ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ጣሉለት፣ ጠባቂውን ጥሩ፣ ሌላ ነገር የለም አለች። እኔ እጄ ላይ ያለው ኮኮናት ሳይፈቀፈቅ ቀረ። ሌሎቹ ደግሞ ውጪ ሆነው ምሳው ስንት ሰዓት ነው ይሉ ነበር።

ወንዶቹ የት ይቆያሉ። ገመቹ፣ ውሃ ለማየት አስጎብኚ ምን ያደርጋል፣ ውሃ አይተን አናውቅም እንዴ አለና ተነሡ። እኔ ቆዩ፣ ሴትዮዋ ቆዩ ብላለች አልኩ። አዴ የሺ አንቺ ተከተይ አሉኝ። ተከተልኩ፣ ምን ላድርግ፣ ባሌ እነሱ ጋ ነው።

ስንደርስማ ምን ልበላችሁ። እኔ ያን ያህል ውሃ መኖሩን በመጽሐፍ ቅዱስ ነው የማውቀው፣ ሳየው ግን አፌን ይዤ ቀረሁ። ነጭ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ መጨረሻ የለውም። ወደ አንድ በኩል፣ ራቅ ብሎ፣ ሰዉ ሁሉ አንድ ቦታ ተጠጋግቶ ይዋኛል፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰው ተቀምጧል። እኛ በቆምንበት በኩል ደግሞ ረጅም እንጨት ላይ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ሰው የሚባል የለም። ገመቹ ደስ አለው። እነዚያ እንደ ሰንጋ ገበያ ሲጋፉ እኛ ሰፊ ቦታ አገኘን አለ። ደግሞም ብንጠፋፋ ምልክት አለን፣ ሁላችሁም ባንዲራው ጋ እንገናኝ አለ። እንግዲህ ናኦል፣ አንተ ትስቃለህ፣ እኛ ግን በሕይወታችን ባንዲራ ያየነው ትምህርት ቤትና ቀበሌ ነው፣ ባንዲራ ካለ ሰው ይሰበሰብበታል፣ አትግቡ ማለት ነው ብሎ የሚያስብ ማን ነው? ተሰበሰብን።

ጫማችንን አወለቅን፣ ቦርሳችንን፣ ጄሪካኑን፣ የያዝነውን ጭኮ ሁሉ ውሃው ጫፍ ላይ ደረደርን። ደመና የለም፣ ዝናብ የለም፣ ውሃ ከየት ይመጣል? ትንሽ ቆይቶ ዞር ስንል ቦርሳው ሁሉ ይዋኛል። ሮጥን፣ ለቃቀምን። የወንጌላዊው አንድ እግር ጫማ እንደ ጀልባ ሲሄድ ቆመን አየነው፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያን ጊዜ መሳቃችንን ትተን ማሰብ ነበረብን። ይሄ ውሃ የእኛን ሕግ አያውቅም ማለት ነበረብን። ምናልባት እኔ ትንሽ ብያለሁ፣ ነጠላዬን አጥብቄ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። አንድም ፈርቼ ነው፣ አንድም በዚያ ሁሉ ቀሚስ ውሃ ከገባሁ እንደ ርጥብ ስልቻ እንደምከብድ አውቃለሁ።

ኢተፋ ጉልበቱን ሊዘፈዝፍ ነው የመጣው። ቆሞ ውሃውን አጠና፣ ወንዝ ሊሻገር እንደሚያጠና ሰው። ግራና ቀኙ ማዕበሉ እየተነሣ ይፈርጣል፣ ነጭ አረፋ ነው፣ ይጮኻል። ባንዲራው ፊት ለፊት ግን ውሃው ጠቆር ብሎ ጸጥ ያለ ነው፣ ማዕበል የለበትም። እዚያ የሚጮኸው ድንጋይ አለ ማለት ነው፣ እዚህ ተኝቷል፣ እዚህ እቀመጣለሁ አለ። ወንዝ ቢሆን ትክክል ነበር። ሱሪውን ሰበሰበ፣ ገባ። እስከ ጉልበቱ፣ ከዚያ እስከ ወገቡ። ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ይኼ ውሃ ሞቅ ያለ ነው፣ ኑ እያለ ሳለ እግሩ ከአሸዋው ለቀቀ።

መጀመሪያ የሚዋኝ መሰለን። ዋና ያውቃል አልኳችሁ። ወደ እኛ ይቀዝፋል፣ ይቀዝፋል፣ ግን አይቀርብም። እንዲያውም ይርቃል። ፊቱ ወደ እኛ ነው፣ እጁ ወደ እኛ ይሠራል፣ እሱ ወደዚያ ይሄዳል። እኔ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ፈራሁ።

ገመቹ ጮኸ፣ እጅ ለእጅ አለ። ወንዶቹ አንድ ጊዜ ሳያስቡ ተነሡ፣ ሽማግሌ ሁሉ፣ ጉልበታችንን አሞናል ብለው የመጡ ሁሉ፣ ተያያዙ። ገመቹ ፊት ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ ዲንሳ፣ ያ ባለ ወፍጮው የእኛ ሰፈሩ ዲንሳ፣ ከእሱ ኋላ ሌሎቹ። ወደ ውሃው መሄድ ጀመሩ። እና እኔ ያን ጊዜ የማማ ግሬስ ድምፅ ነው የመጣልኝ፣ አንድ እንቀብር ነበር፣ ሁለት ቀበርን። ተነሥቼ ከፊታቸው ቆምኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነው። ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

«ማንም አይገባም» አልኳቸው።

ገመቹ እንደ እብድ አየኝ። «ወንድሜ ነው» አለኝ።

«ባሌ ነው» አልኩት።

ዞር በይ አለኝ። አልዞርም። ሊገፋኝ እጁን አነሣ፣ ግን እጁ የዲንሳ እጅ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ገመቹን ትቼ ወደ ዲንሳ ዞርኩ፣ ለምን እንደዞርኩ አላውቅም፣ አፌ ብቻ ነው የሠራው።

«ዲንሳ፣ የልጆችህን ስም ጥራልኝ።»

ዲንሳ መጥራት ጀመረ። ለምን እንደሚጠራ ሳያውቅ፣ ቶሎሴ አለ፣ ለሊሴ አለ፣ ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠና እጁን ለቀቀ። እጁን ሲለቅ ከኋላው ያሉትም ለቀቁ። ገመቹ ብቻውን ቀረ፣ ብቻውንም ሊሮጥ ነበር፣ ሸሚዙን ያዝኩት፣ ዲንሳም ከኋላ አቀፈው። ገመቹ ያን ጊዜ የሰደበኝን ስድብ አልነግራችሁም፣ ይቀዳል ብላችኋል። የሰው ልጅ አይደለሽም ማለቱ ከሁሉ ቀላሉ ነው።

ወንጌላዊውን ሂድ ያንን ባለ ፊሽካ ሰውዬ ጥራ አልኩት፣ በአንድ እግር ጫማ ሮጠ። የሚንሳፈፍ ነገር ብላለች ሴትዮዋ። ምን አለን? ጄሪካን። አንዱን ክዳኑን ጠርቅሜ ወረወርኩት፣ ባዶ ነውና ነፋሱ መልሶ እግሬ ሥር ጣለው። ሌላ አነሣሁ፣ ጥቂት ውሃ አስገባሁበት፣ ከወንዝ ውሃ የቀዳ ሁሉ ያውቃል፣ ትንሽ ውሃ የያዘ ጄሪካን ከነፋሱ ይልቅ ለውሃው ይታዘዛል። ክዳኑን አጥብቄ ያ ጸጥ ያለው ቦታ ጫፍ ላይ ገፋሁት። ሄደ። እንዴት አድርጎ ሄደ መሰላችሁ፣ በተጠረገ መንገድ ላይ እንደሚሄድ ቀጥ ብሎ ወደ ኢተፋ ሄደ። ኢተፋ ደረሰበት፣ አቀፈው፣ እንደ ልጅ ደረቱ ላይ አቀፈው።

እና ጄሪካኑ ሲሄድ እያየሁ ነው ነገሩ የገባኝ። መሀሉ ወደዚያ ይሄዳል፣ ግራና ቀኙ ያለው አረፋ ግን ወደ እኛ ይመጣል። ባሕሩ ውስጥ ወንዝ አለ! ከየብሱ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚወርድ ወንዝ። ኢተፋ ወደ እኛ ሲቀዝፍ ወንዙን ሽቅብ እየወጣ ነው ማለት ነው፣ ማን ይችላል? የዚያ ወንዝ ዳርቻው እኛ የቆምንበት አይደለም፣ ዳርቻው እዚያ ጎን ላይ፣ ማዕበሉ የሚጮህበት ነው። የፈራነው ቦታ ነው መውጫው። ላጋ፣ ላጋ ብዬ ጮኽኩ፣ በእናቱ ቋንቋ ወንዝ ነው፣ ወንዝ ነው ማለቴ ነው። ግን በዚያ ጩኸት ማን ይሰማል። ነጠላዬን አወለቅኩና ከፍ አድርጌ እያውለበለብኩ በባሕሩ ዳር ወደ ጎን ሮጥኩ። ወደ እሱ አይደለም፣ ወደ ጎን። እኔ በዚህ እግሬ። እሱም ድምፄን ሰምቶ ጄሪካኑን እንዳቀፈ ወደ ጎን...

[ከሶፋው፦ አልሰማሁሽም። ነጠላሽን ነው ያየሁት። ይቺ ሴት ጥላኝ ልትሄድ ነው ብዬ ነው የተከተልኩሽ።]

ይኸው፣ ተኝቷል ብላችሁ ነበር አይደል? እሺ፣ አልሰማም። ነጠላዬን አየ። ሲደክመው በጄሪካኑ ላይ ያርፋል፣ ሲያርፍ ትንሽ ወደ ጎን ይቀዝፋል። አረፋው ጋ ሲደርስ ማዕበሉ ራሱ አነሣና ወደ እኛ ወረወረው። ያን ጊዜ ጠባቂው ረጅም ሳንቃ የመሰለ መንሳፈፊያ ይዞ ገብቶ ነበር፣ ያዘው፣ ሳንቃው ላይ አስተኛው፣ ይዞት ወጣ። ጄሪካኗን ግን አልለቅም አለ። ሰውዬው ቢለው ቢለው አልለቅም።

አሸዋው ላይ ሲያስተኙት ጨው ውሃ ያስመልሰው ጀመር። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በነጠላዬ ፊቱን ጠረግኩለት፣ አላለቀስኩም። ጠባቂው የተበሳጨ ሰው ነው፣ መበሳጨትም ሲያንሰው ነው። ወንጌላዊውን በእንግሊዝኛ፣ ይኼ ባንዲራ ምን መሰላችሁ አለው። ወንጌላዊው እኛን አየ፣ እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። የቀጠሮ ቦታ ብሎ ማን ይናገር? ከዚያ ጠባቂው፣ ውሃ የጠጣ ሰው አሁን ደህና ቢመስልም ማታ ሊብስበት ስለሚችል ሐኪም ይየው አለ፣ ወሰድነው፣ አደረ፣ ደህና ነው ተባለ። ማማ ግሬስ ስትሰማ ሩዙን እንደያዘች መጣች፣ አልተቆጣችንም። እኔን አቀፈችኝና ለረጅም ጊዜ አለቀቀችኝም። ስለ ወንድሟ እያሰበች እንደሆነ አውቄያለሁ።

በማግሥቱ ደግሞ ሄድን። አዎ፣ ሄድን፣ ምን ያስደንቃል? ከማማ ግሬስ ጋር፣ ሰዉ በተሰበሰበበት፣ ጠባቂው በሚያየን በኩል። እስከ ጉልበት። ጀርባችሁን ለውሃው አትስጡ እያለች፣ በባዶ እግር ድንጋዩ ላይ አትውጡ፣ እሾህ የመሰለ ነገር አለ እያለች፣ ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ጥላ እየነዳችን። ደስ አለን። የሚያምር ነገር እኮ ነው። ገመቹ ግን አልመጣም።

ገመቹ ከዚያ ከባሕሩ ጀምሮ አላናገረኝም። ከሞያሌ ነቀምቴ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ዞር አላለም። ወንድሙ ድኗል፣ አጠገቡ ተቀምጦ ሙዝ ይበላል፣ እሱ ግን አይዞርም። ነቀምቴ ስንደርስ ወሬው ተከተለን። ባሏን ውሃ ሲወስደው ወንዶቹን አትግቡ ብላ ያዘቻቸው አሉ። ገበያ ሄጄ ሰላምታ ስሰጥ ሴቶቹ እጄን ጨብጠው ዓይኔን አያዩም። ድሮም ሰፋሪ ናት ያለችም አለች፣ ሰምቻለሁ። ከፋኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባሕሩ ጋ ያላለቀስኩትን እዚህ ቤቴ ውስጥ አለቀስኩት። እናም በሌሊት እነቃና ኢተፋ መተንፈሱን አዳምጣለሁ፣ ትንፋሹን ስሰማ እተኛለሁ። ገመቹ ወንድሙን ለመጠየቅ ይመጣል፣ በር ላይ ያስጠራዋል፣ ቤቴ አይገባም። ሽማግሌ ተላከ፣ እህሏን አልበላም አለ።

እንዲህ ሆኖ ቆየና ዲንሳ ልጁን ዳረ። ለሊሴን፣ ያን ቀን ባሕሩ ዳር ሁለተኛ ስሟን የጠራትን። ሁላችንም ሄድን፣ ገመቹም ከጉቴ መጣ። ዲንሳ ተነሥቶ ልጁን ሲመርቃት፣ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ሲመርቃት፣ ገመቹ አሻግሮ ያንን እጅ አየው። ያን ቀን እሱ ራሱ የያዘውን እጅ። አይቶ፣ አይቶ፣ ሳህኑን አንሥቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ጠቀለለና አጎረሰኝ። እኔም አጎረስኩት። ሁለታችንም አፋችን ስለሞላ አለቀስንም አልተባለም። በሳምንቱ ከጉቴ አንድ ጆንያ የሚቀቀል አንጮቴ ላከ፣ ቤቴም ገባ።

እና ናኦል፣ እንግዲህ ባንዲራ ስታይ ጠይቅ። የሚጮኸውን ውሃ ብቻ አትፍራ፣ ዝም ያለውንም ጠይቅ። የአገሩ ሰው ቆይ ካለህ ቆይ፣ ሩዙ እስኪወርድ ነው። ከወሰደህም አትታገለው፣ ተንሳፈፍ፣ እጅህን አንሣ፣ ወደ ጎን ውጣ። ደግሞ እሷን ውሃ ወሰዳት ብለህ ዘለህ እንዳትገባ፣ አንቺም እሱን ብለሽ። ያቺ ጄሪካን ጓዳ አለች፣ ማንም ላምባ እንዲያስገባባት አልፈቅድም፣ ይዛችኋት ትሄዳላችሁ። አውሮፕላን ላይ አትገባም? ለምን አትገባም፣ ሞያሌን ያለፈች ጄሪካን።

[ሲፈን አያቷን፦ አኮ፣ አባባ ያን ቀን ባይወጣ ኖሮስ?]

ባይወጣ ኖሮ? ይኼን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም ስለ ወጣ ነው የሚያወራው። ባይወጣ ኖሮ ልጄ፣ ገመቹ እስከ ዛሬ አያናግረኝም ነበር። እውነቴን ነው። ግን ለማኩረፍም እኮ በሕይወት መኖር ያስፈልጋል። እሱ ጉቴ ቁጭ ብሎ ያኮርፈኛል፣ ዲንሳ ልጁን ይድራል፣ ባሏን ያጣች እኔ ብቻ እሆናለሁ። እንደዚያ ነው ያሰብኩት። እዚያ ውሃው ውስጥ ቆሜ፣ ባሌን እያየሁ፣ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ትክክል ይሁን አይሁን እግዚአብሔር ያውቃል፣ ኢተፋንም ጠይቄው አላውቅም።

[ከሶፋው፦ እኔ ውሃው ውስጥ ሆኜ ሲያያዙ አይቻቸዋለሁ። ፊት ያለው ገመቹ መሆኑንም አይቻለሁ። ከውሃው ይልቅ የፈራሁት እሱን ነው። ያንን ልጅ ዲዴሳን በጀርባዬ ያሻገርኩት ለእኔ ብሎ እንዲሞት አይደለም። አንቺ ፊቱ ስትቆሚ ነው ልቤ መለስ ያለው።]

...

ይኸው። ስንት ዓመት አብረን ኖረን፣ ይኼን አሁን ነው የነገረኝ። ሲፈን፣ ቀድቷል? ለገመቹ ላኪለት። አይ፣ ቆይ፣ አትላኪ፣ ይምጣና ከአፉ ይስማው። አንተ ደግሞ ተነሥ እንግዲህ፣ ተኝቶ የሚያወራ ሰው አልወድም።